በክረምት የተገረዙ ዛፎች

የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው ስሕተቱን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ላይ ነው። የተዘለለች መስመር፣ ቦታዋን የሳተች ቃል፣ ያልተቃና ዐረፍተ ነገር ያገኛል፤ ያፍራል፤ ዕድል ከሰጠውም በሚቀጥለው እትም ያርማል። የእኔ ትልቁ ስሕተት ግን በወረቀት ላይ አልቀረም። ሥር ነበረው፤ ግንድና ቅርንጫፍ ነበረው፤ ሰባት ሆኖ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ አንድ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ በመተርጎም እተዳደራለሁ። የውል ሰነድ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባዔ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ መመሪያ፣ የመጣውን ሁሉ እቀበል ነበር። አንድ ቀን አንድ የልማት ድርጅት ስለ ደጋ ፍራፍሬ አያያዝ የሚናገር አርባ ገጽ ያህል የሆነ ትንሽ መጽሐፍ ሰጠኝ። መጽሐፉ የተጻፈው በሰሜኑ የዓለም ክፍል ለሚኖሩ ገበሬዎች ሲሆን ስለ ፖም፣ ስለ ፕሪምና ስለ ፒር ያስተምራል። ፖም በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ፣ ሥር ሰዶ የገበሬ ገንዘብ መሆኑን ሰምቻለሁ። ፒርን ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ያየሁት ተልጦና ተሰንጥቆ፣ በስኳር ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ በቆርቆሮ ታሽጎ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ፤ በዘጠኝ ቀን ጨረስኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ የምኮራው በፍጥነቴ ነበር።

ከሦስቱ ዛፎች ብዙ ገጽ የወሰደው ፒር ነው። ምክንያቱንም መጽሐፉ ራሱ ይነግረናል፤ ፒር ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ መውጣት የሚወድ ዛፍ ነው። ካልተገራ ቅርንጫፎቹ ሁሉ ከግንዱ ጎን ለጎን ተጣብቀው ይወጣሉ፤ ፍሬው ሰው በማይደርስበት ከፍታ ላይ ጥቂት ሆኖ ይንጠለጠላል። ስለዚህ መግረዝና መግራት ያስፈልገዋል። ለመግረዝ ቃል አላጣሁም። ለሌላው ግን መዝገበ ቃላቱን ይዤ ተቸገርኩ። ዋናውን ግንድ ‘መሪ’ አልኩት፤ ይህ እስከ ዛሬም አያሳፍረኝም። ፍሬ የምትሸከመዋን፣ ከጣት የማትረዝመውን ጉጥ ግን መዝገበ ቃላቱ ፈረሰኛ በተረከዙ ላይ የሚያስረው ሹል ብረት ብሎ ሰጠኝ። ዛፍ አይጋለብም ብዬ ‘አጭር ቅርንጫፍ’ አልኩና አለፍኩ። ቅርንጫፍን ከጫፉ ማሳጠር የሚለውን ‘ራሱን መቁረጥ’ አልኩት። እና ደግሞ ዊንተር የሚለው ቃል ነበረ። እርሱን ለመተርጎም ቀና ብዬ እንኳ አላሰብኩም። ዊንተር ክረምት ነው፤ በትምህርት ቤት እንደዚህ ተምሬአለሁ፤ የዜና አንባቢውም፣ የልቦለዱ ተርጓሚም እንደዚሁ ይላል። ‘ዛፉን በክረምት መጨረሻ ግረዙ’ ብዬ በአምስት ቦታ ጻፍኩ።

መጽሐፉ ታተመ። በውስጥ ሽፋኑ ላይ ‘ትርጉም’ ከሚለው ቃል ቀጥሎ ስሜ ነበረበት፤ በመጽሐፍ ላይ ስሜ ሲጻፍ የመጀመሪያዬ ነው። አንዱን ቅጂ በኩራት ለአጎቴ ላክሁላቸው። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በልጅነታቸው ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገሙ፣ ጽሕፈታቸው እንደ ብራና ጽሕፈት የሚያምር ገበሬ። በ1995 ዓ.ም. ከአንድ የችግኝ ጣቢያ ሰባት የፒር ችግኝ አግኝተው በጓሯቸው ተክለዋል። በመንደሩ ስም ስላልነበረው ሁሉም ሰው ፖም ይለዋል። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ሰባቱም እንደ ባሕር ዛፍ ተመዝዘው ከአጥሩ በላይ ወጥተው ነበር። መጽሐፉ የደረሳቸው በዚህ ጊዜ ነው። አንብበው፣ ለጎረቤት አሳይተው፣ ‘የእኅቴ ልጅ የጻፈችው ነው’ ብለው ቀኑን ይጠባበቁ ጀመር።

ጋሼ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ የክረምት መጨረሻ መቼ እንደሆነ ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። በቤተ ክርስቲያን ቁጥር ክረምት ሰኔ 26 ቀን ይገባል፤ መስከረም 25 ቀን ይወጣል። በ1999 ዓ.ም. የመስቀል ማግሥት መጋዛቸውን ስለው ወጡና የሰባቱንም ራስ ቆረጡ። እኔ የጻፍኩትን አንድም ሳያጎድሉ ፈጸሙ።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ለጥምቀት ሄድኩ። ጓሮውን ሳየው ደነገጥኩ። ከየቁርጡ ሥር ሦስት አራት ለጋ ቡቃያ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ክንድ ያህል ከረዘመ በኋላ ግን ጠቁሮ፣ በእሳት እንደ ተለበለበ ሆኖ ደርቋል። ጋሼ ቡቃያውን በጣታቸው ሰብረው ጣሉት። ‘ውርጭ ነው ልጄ፤ የዘንድሮው ውርጭ ክፉ ነበር’ አሉኝ። ‘አይዞዎት ጋሼ፣ ለከርሞ ያገግማል’ አልኩ። ጠላ ቀርቦልን ስለ ሌላ ነገር አወራን። በዓመቱ ከሰባቱ ሁለቱ ሞቱ። ሦስተኛው ከመካከሉ ተሰንጥቆ ወደቀ። እኔም በልቤ ውርጩን ወቀስኩ።

በ2004 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ናይሮቢ መጣሁ። ለፍርድ ቤት፣ ለሆስፒታልና ለስደተኞች ጉዳይ አስተርጓሚ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ በኋላ የከተማው ጫጫታ ሲያደክመኝ፣ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከናይሮቢ በስተሰሜን ምዕራብ ወዳለችው ወደ ሊሙሩ ተዛወርኩ። ሊሙሩን የምታውቁ አንባብያን ታውቋታላችሁ፤ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ ሻይ ቅጠል የለበሰች፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ በጉም ተሸፍና የምትንቀጠቀጥ አገር ናት። በወቅቱ ፒር በመንገድ ዳር በባልዲ ይሸጣል። የተከራየሁት ቤት ጓሮ ውስጥም ሁለት ያረጁ የፒር ዛፎች ነበሩ። ለብዙ ዓመት ማንም አልነካቸውም። ቀጥ ብለው ከጣራው በላይ ወጥተዋል፤ ፍሬያቸውን የሚቀምሱት ወፎች ብቻ ነበሩ።

ሚያዝያ ላይ፣ ዝናቡ ትንሽ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት፣ መጋዝ ተውሼ መሰላል ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ራስ ልቆርጥ መጋዙን ሳሳርፍ ከአጥሩ ማዶ ‘ንጎጃ!’ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቆይ ማለት ነው። ጎረቤቴ ሽማግሌ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው በፍራፍሬ እርሻ ላይ ሲሠሩ የኖሩ፣ ሁሉም ሰው ‘ምዜ’ እያለ የሚጠራቸው። በዝግታ መጡ፤ ዛፉን ዞረው አዩት፤ ከዚያም በተሰባበረው ስዋሂሊዬ ልክ ቃላቸውን ቀለል እያደረጉ ጠየቁኝ። ዛፍ ሲሮጥ ይቆረጣል? ዝናብ ጠጥቶ ሲሮጥ ብትቆርጪው የሚመልስልሽ ለጋ ቡቃያ ብቻ ነው። ለጋ ቡቃያ ደግሞ ብርድ ሲመጣ ምን ይሆናል? ቁስሉስ ዝናብ እየገባበት በምን ይደርቃል? ዛፉ የሚያርፍበትን ብርድ ጠብቂ፤ ሐምሌ ላይ እንቆርጠዋለን አሉኝ።

መሰላሉ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ክንድ ያህል ረዝሞ የጠቆረው ቡቃያ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ውርጭ አልነበረም። ወይም ውርጭ ነበረ፤ ውርጩን ግን የጠራሁት እኔ ነኝ።

ነገሩን ለአንባቢ ግልጽ ላድርገው። በሰሜኑ ዓለም ዊንተር ማለት ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ፣ ምግቡን ወደ ሥሩና ወደ ግንዱ ሰብስቦ የሚተኛበት የብርድ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ ቢቆርጡት የተጠራቀመው ስንቅ አይነካም፤ ጸደይ ሲመጣ ቁስሉን ይጠግናል። በእኛ ደጋ ይህ ብርድ የሚመጣው በክረምት አይደለም። ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱን ውርጭ የሚጥለው ከኅዳር እስከ ጥር፣ በደረቁ ወራት ነው። ክረምት ለኛ የዝናብና የልምላሜ ጊዜ ነው፤ መስከረም ላይ ዛፉ ሙሉ ቅጠል ለብሶ ምግቡን ገና በመሥራት ላይ ይገኛል። በመስከረም የተቆረጠ ዛፍ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ አዲስ ቡቃያ ያወጣል፤ ቡቃያው እንጨት ሆኖ ሳይጠነክር የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ይደርስበታል። አንዲት ቃል አምስት ጊዜ ተጽፋ ያመጣችው ይህንን ነው። ቃሏ በመዝገበ ቃላት ልክ ነበረች፤ በመሬት ላይ ግን ግማሽ ዓመት ያህል ተሳስታለች።

የሚያስቀው ነገር፣ ስሕተቴ በሊሙሩ ልክ ሆኖ ማግኘቴ ነው። ከምድር ወገብ በታች አንድ ዲግሪ ያህል ላይ ባለችው በዚህች አገር ረጅሙ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፤ ከዚያ በኋላ ብርዱና ጉሙ ይመጣል፤ ዛፉም ቀዝቅዞ እድገቱን ይገታል። ይህ የሚሆነው በሐምሌ ነው። ሐምሌ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከነስሙ ክረምት ነው። ያ መጽሐፌ ተሳስቶ ሊሙሩ ቢደርስ ኖሮ ገበሬዎቹን ብዙም ባልጎዳ ነበር። ቃል ብቻውን ሆኖ እውነትም ሐሰትም እንደማይሆን፣ የሚነገርበት መሬት እንደሚወስነው ሃያ ዓመት የተጠጋ የትርጉም ሥራ ያላስተማረኝን ይህ ዛፍ አስተማረኝ።

በዚያ ዓመት ሐምሌ ምዜ ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ የዛፉን ጠባይ ነው፤ እኔ ደግሞ ማታ ማታ መጻሕፍት እያገላበጥኩ ምክንያቱን ፈለግሁ። በእያንዳንዱ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ያለው እንቡጥ ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ይህም ወደ ታች እየወረደ ከበታቹ ያሉትን እንቡጦች ‘እናንተ ቆዩ’ ይላቸዋል። ጫፉ እስካለ ድረስ እነርሱ ይተኛሉ። ጫፉ ሲቆረጥ ግን ከቁርጡ ቀጥሎ ያሉት ሦስት አራት እንቡጦች በአንድ ጊዜ ይነሡና ሁሉም ጫፍ ለመሆን ቀጥ ብለው ይሽቀዳደማሉ። የፒርን ራስ እየቆረጠ ዛፉን አሳጠርኩ የሚል ሰው በአንድ ረጅም ፈንታ አራት ረጃጅም ተክሏል ማለት ነው። ጋሼ ጓሮ ውስጥ ያየሁት መጥረጊያ የመሰለ ነገር ምስጢሩ ይኸው ነበር፤ ‘ራሱን ቁረጡ’ ያልኩት እኔ ነኝ።

መድኃኒቱ ከመቁረጥ ይልቅ ማጉበጥ ነው። ቅርንጫፉ ወደ ጎን ሲያጋድል የጫፉ ትእዛዝ ይላላል፤ በርዝመቱ ላይ ያሉት እንቡጦች ይነቃሉ፤ ወደ ላይ ለመሮጥ ይውል የነበረው ምግብ በቅርንጫፉ ውስጥ ይጠራቀምና የአበባ እንቡጥ ይሆናል። እንደኛ ባሉ የምድር ወገብ ደጋዎች ይህ ይበልጥ ይጠቅማል። ፒር በብርድ ጠግቦ ካልተኛ እንቡጡ በእኩል አይነቃም፤ ቅርንጫፉ ከጫፉ በቀር ራቁቱን ይቀራል። ማጉበጥ የጎደለውን ብርድ በመጠኑ ይክሳል። እርግጥ ነው፣ ጥቂት ብርድ የሚበቃውን ዝርያ መምረጥና በአንድ ጊዜ የሚያብብ ሌላ ዝርያ በአቅራቢያው መትከል ይቀድማል፤ ፒር በራሱ የአበባ ብናኝ ብቻ ደኅና አያፈራምና።

ምን ያህል ይጉበጥ? ምዜ የእጅ ሰዓታቸውን አውልቀው አሳዩኝ። ግንዱ 12 ቁጥር ላይ ያለ ዘንግ ከሆነ ቅርንጫፉ 2 ላይ ይሁን፤ በሌላው ጎን 10 ላይ። እዚህ ላይ ተሳሳቅን። ስዋሂሊም እንደ አማርኛ ሰዓትን የሚቆጥረው ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ ነው፤ ‘ሁለት ሰዓት’ ሲሉኝ በሰዓታቸው ላይ ዘንጉ የሚያርፈው 8 ላይ ይሆናል። 8 ላይ ያለ ቅርንጫፍ ደግሞ ወደ መሬት ያቆለቆለ ነው፤ ይደክማል፤ ከጀርባውም ቀጥ ያለ ቡቃያ ያወጣል። ‘የምትሰሚውን ሳይሆን የተጻፈውን እዪ’ አሉኝ። ለአስተርጓሚ የሚሰጥ ምክር አይመስልም፤ ጣታቸው ቁጥሩ ላይ ስለነበር ግን ገባኝ።

ሥራውን በሦስት ዓመት ከፈልነው። ያረጀን ዛፍ በአንድ ቀን ማስተካከል እንደገና ማስቆጣት ነው፤ በየዓመቱ ከአራት አንድ እጅ በላይ አልቆረጥንም። በመጀመሪያው ዓመት የደረቀውን፣ የታመመውንና እርስ በርሱ የሚፋተገውን አወጣን። ከግንዱ ጋር እጅግ ጠባብ ማዕዘን ሠርተው የወጡትን ደግሞ አንድ በአንድ መረጥን። በእንዲህ ያለው መገጣጠሚያ ውስጥ ልጡ ታጥፎ ይቀበራል፤ ከውጭ ሲታይ የጠነከረ ይመስላል፤ ፍሬ ሲሸከም ግን ይሰነጠቃል። የጋሼ ሦስተኛ ዛፍ የወደቀው እንዲህ ሆኖ ነው። ስንቆርጥ ቅርንጫፉን ከመነሻው፣ በሥሩ ያለችውን ያበጠች ቀለበት ሳንነካ ቆረጥን፤ ቁስሉን የሚዘጋው እርሷ ናትና። ቁመቱን መቀነስ ሲያስፈልግ ራሱን በጉማጅነት አላስቀረነውም፤ ወደ ጎን ወዳጋደለ ደካማ ቅርንጫፍ አውርደን ቆረጥነው፤ መሪነቱን ያ ቅርንጫፍ በሰላም ተረከበ።

ለጋዎቹን አልቆረጥናቸውም፤ አሰርናቸው። በጣት ልክ የሆኑትን በልብስ መቆንጠጫ ከግንዱ አራቅናቸው። ክንድ ያህል የሆኑትን በባላ ከፈትናቸው ወይም በቃጫ ገመድ ወደ መሬት ሳብናቸው፤ ለአንዳንዶቹ ድንጋይ አንጠለጠልን። እንጨቱ የሚታዘዘው ዛፉ በሚያድግበት ወቅት፣ ውስጡ እርጥብ ሳለ ነው። ገመዱ ግን ልቅ መሆን አለበት፤ በቀለበቱ ውስጥ ጣት መግባት አለባት። አጥብቀው ያሰሩት ቅርንጫፍ እየወፈረ ሲሄድ ገመዱ ያንቀዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ እንጨቱ ቅርጹን ሲይዝ ገመዱ ይፈታል። ምዜ በየማለዳው አጥሩን ተደግፈው ‘ፖሌ ፖሌ’ ይሉኛል፤ ቀስ በቀስ ማለታቸው ነው። ያችን በመዝገበ ቃላት የፈረሰኛ ብረት ሆና ያገኘኋትን ጉጥም በዓይኔ አየኋት። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ባስቆጠረ እንጨት ላይ የምትቀመጥ፣ የተሸበሸበች፣ የማታምር ነገር ናት። ፍሬው የሚመጣው ከእርሷ ነው። ከዓመት ዓመት ደጋግማ ታፈራለች፤ አላዋቂ ሰው በመጀመሪያ የሚቆርጠው እርሷን ነው።

በዚያው ሰሞን ስለዚህ ጥበብ ታሪክ ሳነብ ያልጠበቅሁትን ሰው አገኘሁ። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በቬርሳይ እ.ኤ.አ. ከ1678 እስከ 1683 ድረስ የአትክልት ስፍራ ያሠራው ዣን ባቲስት ደ ላ ኬንቲኒ በሚባል ሰው ነው። ላ ኬንቲኒ የሕግ ትምህርት የተማረ ሰው ነበር፤ ለፒርም ትልቅ ቦታ ይሰጥ ነበር። ረግረጉን አድርቆ፣ ግንብ ሠርቶ፣ ዛፎቹን በግንቡ ላይ እንደ እጅ ጣት ዘርግቶ አሳደጋቸው። መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1690 ነው፤ በሦስተኛው ዓመት በጆን ኤቭሊን ስም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ። ኤቭሊን ራሱ ስለ ዛፍ መጽሐፍ የጻፈ፣ በእጁ የተከለ ሰው ነበር። ይህን ሳነብ ቅናት ይሁን ኀፍረት የማላውቀው ስሜት ተሰማኝ። እርሱ ከመተርጎሙ በፊት ዛፉን ያውቀው ነበር። እኔ ግን የማውቀው ቆርቆሮውን ነበር።

ዛፎቼ በ2012 ዓ.ም. በእጅ የሚደረስበት ፍሬ መስጠት ጀመሩ። ፒር በዛፉ ላይ ሳለ አይበላም፤ እዚያው እንዲበስል ከተተወ ከውስጡ ይላሽቃል። ጠንካራ ሳለ ፍሬውን በመዳፍ ይዞ ወደ ጎን ማዘንበል ነው፤ ከደረሰ ከጉጧ በቀላሉ ይለቃል፤ ከዚያ ቤት ውስጥ ይበስላል። የመጀመሪያውን ባልዲ ለምዜ ሰጠሁ። ከባልዲው አንዱን መርጠው መልሰው ሰጡኝና ‘ለቤተሰብሽ ላኪ’ አሉኝ። ወደ ደብረ ብርሃን ፒር እንዴት ይላካል? ይልቁንስ መላክ የነበረብኝ አንድ የስልክ ቃል ነበር፤ እርሱን ግን አልላክሁም።

እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር ልጨርሰው። ሚያዝያ 2010 ዓ.ም. መሰላል ላይ ቆሜ የተረዳሁትን ነገር ለአጎቴ ለመናገር አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀሩ። በእንቁጣጣሽ እደውላለሁ፤ በፋሲካ እደውላለሁ። ስለ ጤናቸው፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ልጆቹ እጠይቃለሁ። ‘ፒሮቹስ?’ የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ይመለሳል። ያሳተመው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሚጠይቀኝ ሰው የለም፤ ደግሞስ የሞተውን ዛፍ አያስነሣ፣ ለምን አሳዝናቸዋለሁ እያልኩ ራሴን አባብል ነበር። ለሌሎች ሰዎች አፍ ሆኖ የሚኖር ሰው ለራሱ ጉዳይ ድዳ ሲሆን ይገርማል።

በመጨረሻ ጥር 2015 ዓ.ም. ለጥምቀት አገር ቤት ገባሁ። ጋሼ ከሰባ ዓመት አልፈዋል፤ በዱላ ይሄዳሉ። ቡና እስኪፈላ ጓሮ እንያቸው አልኳቸው። ከሰባቱ የቀሩት አራቱ ዛፎች ከጓሮው ጥግ ቆመው ነበር፤ ቅጠላቸው ረግፏል። እንደ መጥረጊያ አልነበሩም። ቅርንጫፎቻቸው ጃንጥላ እንደሚዘረጋ ወደ ጎን ተከፍተዋል፤ ከአንዳንዶቹም በቆዳ ጠፍር የታሰረ ድንጋይ ተንጠልጥሏል። ማንም ምዜ አላስተማራቸውም። ‘በሬ እንዴት ይገራል? ቀንዱ ተቆርጦ አይደለም፤ ቀንበር ለምዶ ነው’ አሉኝ።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ክረምት የሚለውን ቃል፣ ራሱን ቁረጡ የሚለውን፣ ዘጠኙን ቀን፣ ቆርቆሮውን፣ ሁሉንም። ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ወደ ቤት ገቡና ከሣጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። መጽሐፌ ነበር፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ የጭስ ቀለም ይዟል። ገለጥኩት። ‘በክረምት መጨረሻ’ የሚለው በአምስቱም ቦታ በቀጭን መስመር ተሰርዟል፤ ከበላዩ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው ‘በበጋ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ እንቡጡ ሳያብጥ’ ተብሎ ተጽፏል። ‘ራሱን ቁረጡ’ ከሚለው ጎን ‘አይደለም፤ እሰሩት’ ይላል። ‘አጭር ቅርንጫፍ’ ከሚለው በታች ደግሞ ‘ይህችን አትንኳት፤ የፍሬ እናት ናት’ ብለው ጽፈዋል። እኔ በመዝገበ ቃላት ያጣሁትን ቃል አጎቴ ከዛፉ ላይ አግኝተውት ነበር።

‘መቼ ነው ያወቁት?’ አልኳቸው።

‘በሁለተኛው ዓመት።’

‘ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?’

‘ጎረቤት ይዋሰዋል’ አሉ። ‘ስምሽ አለበት። እንዳያሙሽ ብዬ አርሜ አዋስኳቸው።’ ጥቂት ቆይተው ‘ለአንቺ ደግሞ፣ ልጄ፣ ስትደርሺበት ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። ደረስሽ’ አሉኝ።

በውስጥ ሽፋኑ ላይ ስሜ እንዳለ ነበር፤ መስመር አልተሰመረበትም። መጽሐፉን ይስጡኝ፣ ናይሮቢ ወስጄ አስተካክዬ እንደገና ላሳትመው ብላቸው እምቢ አሉ። ከጥምቀት በኋላ የሚጠይቃቸው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ገጾቹን አንድ በአንድ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ። ከሰዓት በኋላ አንዱን ለጋ ቅርንጫፍ አብረን አሰርን፤ እኔ ወደ ታች ስቤ ያዝኩ፣ እሳቸው ጠፍሩን አዞሩ። ሲጨርሱ ጣታቸውን በቀለበቱ ውስጥ አስገብተው ልቅነቱን ለኩ።

አሁን መጽሐፉን እንደ አዲስ እየተረጎምኩት ነው። በዚህ ጊዜ ፍጥነት የለኝም። እያንዳንዱን ምዕራፍ ስጨርስ በስልክ አነብላቸዋለሁ፤ ጋሼም ቃል እየመረጡ ይመልሱኛል። በውስጥ ሽፋኑ ላይ ከስሜ ቀጥሎ ‘አራሚ’ በሚለው ሥር ስማቸው እንደሚጻፍ ነግሬአቸዋለሁ። ‘እሱስ ይሁን’ አሉኝ፤ ‘በመጀመሪያ ግን ክረምትን እንዴት እንዳደረግሽው አንብቢልኝ።’